ባለፈው ሳምንት ምን ዋጡ?

ጥቅምት 4

ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጡ፤

ሰላምታዬ ካለሁበት ተነስቶ አንቺ ካለሽበት ደጅ ይድረስ። እንደምን ሰነበትሽ? ሥራሽ፣ ቤቱ፣ ሰፈሩ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ታዛዥ ነው።

ሥራዬም ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ፍርድ ቤት እገባለሁ፤ በዳኛና በባለጉዳይ መካከል ቆሜ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው አስተረጉማለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዱ ተከሳሽ ዳኛውን እንዳይሆን አድርጎ ሰደበና «ይህቺንም እንዳትዘላት» አለኝ። አልዘለልኳትም። ዳኛው «አስተርጓሚ ሆይ፣ አትፍራ፤ ቅጣቱ የተናጋሪው ነው» ሲሉ ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እትዬ ምን ሆና ነው? እሁድ ደወልኩ፣ «ተኝታለች» አልሽኝ። በሌላው እሁድ ደወልኩ፣ «ጉሮሮዋ ላይ ትንሽ ነገር አለ» አልሽኝ። እህቴን አውቃታለሁ። ጉሮሮዋ ቢዘጋ እንኳ ስልኩን ከእጅሽ ነጥቃ «ከሳህ ወይስ ወፈርክ?» ሳትለኝ አትቀርም። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና እንደተንጠለጠለ ነው፤ ሳይወሰን ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ እዚያ ያለኝ ዓይን አንቺ ነሽ። የእትዬን ወሬ በዝርዝር ጻፊልኝ።

ጤናና ዕድሜ ከቤታችሁ አይጥፋ።

አጎትሽ


ጥቅምት 29

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ የተከሳሹን ነገር ለእማዬ ሳነብላት ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

እማዬ ምግቧን ትበላለች። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ስምዎ ሲነሳ ፊቷ ይበራል። የሥራ ባልደረባዬ፣ ቀጮ የምንላት ፋርማሲስት፣ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እየመጣች አብራት ትቀመጣለች። እኔ ስዘገይ እንኳ ብቻዋን አትሆንም።

እኔ ሥራ ላይ ትልቅ ትግል ጀምሬያለሁ። የሆስፒታላችንን መድኃኒት ቤት ቢያዩት ይገባዎታል። ጠባብ ክፍል፣ ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ፣ ሦስት መስኮት። መስታወቱ ከታች እጅ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው፤ ታማሚው ጎንበስ ብሎ በእሷ ይናገራል፣ እኛም ጎንበስ ብለን እንሰማለን። ከኋላው ያለው ሰልፍ ይገፋዋል። እንዲህ እየተናገሩ ማን ምን ይሰማል?

የያዝኩት ጉዳይ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ነገር ነው። መድኃኒቱ የልብና የደም ሥር ሕመምተኞችን ያኖራል፤ ግን ቁጡ ነው። ከአንዳንድ አንቲባዮቲክ ወይም ከሕመም ማስታገሻ ጋር ከተገናኘ ደም ያፈሳል። ሌላ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት «ምን እየወሰዱ ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን። እንጠይቃለን ወይ? መስኮቱ ጥግ ቆሜ ተከታተልኩ። ከአስር ሰው የተጠየቁት ሦስት ያህል ናቸው።

ይህንን ይዤ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ሌላ ቦታ የተሠሩ ጥናቶችም ይዤ ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የሰልፍ ነገር ዕድሜያቸውን በልቶታል። ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «ይሄ ጥሩ ነው፤ የሌላ ሰው ሰልፍ ግን ነው። በእኔ መስኮት፣ በእኔ ሰልፍ መሥራቱን አሳዪኝ» አሉኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። ደጅ ከደረስኩ በኋላ ግን ትክክል መሆናቸው ገባኝ። ማስረጃ ከጠየቁኝ ማስረጃ እሰጣቸዋለሁ።

ለጊዜው ምንም አይላኩልን፤ አልተቸገርንም። በእሁድም አይድከሙ፤ ስልኩ መስመሩ ጥሩ አይደለም።

ባሉበት ሰላም ይሁኑ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 16

ሚጡ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ መስኮት ሁለት ገጽ፣ ስለ እህቴ አራት መስመር። በአራቱ መስመር ውስጥ እትዬ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች። አንድም ቦታ ግን አትናገርም።

እኔ ችሎት ውስጥ ሰው ያላለውን እንዳስተረጉም አይፈቀድልኝም። እንዳልሰማ ግን ማንም አልከለከለኝም።

እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ሕፃን አይደለሁም፤ አንቺም የፖለቲካ ሰው አይደለሽም፣ አታድበስብሺ።

በሚመጣ ሰው እጅ ለእትዬ የቤት ጫማ ልኬያለሁ። ለዚያች ቀጮ ለምትሏት ልጅ ደግሞ ሰማያዊ ሻርፕ አለ። እህቴ አጠገብ የምትቀመጥ ሰው ለእኔ ዘመድ ናት፤ እጅሽ የተባረከ ይሁን ብሏል በያት።

መልስሽን ቆሜ ነው የምጠብቀው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 1

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

በክረምቱ መጨረሻ እማዬን ሽንት አቃጠላት። እኔ ለሥልጠና ከከተማ ወጥቼ ነበር። እሷ ደግሞ ሰው ማስቸገር አትወድም፤ ብቻዋን ወደ እኛው ሆስፒታል ሄደች። ተረኛው ሐኪም አንቲባዮቲክ አዘዘላት፤ ከእኛው መስኮት ተቀብላ ወጣች። መድኃኒቱ ብቻውን ቢሆን ይፈውሳት ነበር። ግን የልቧ ቫልቭ ከተቀየረ ጀምሮ የምትወስደው የደም ማቅጠኛ አለ። ሁለቱ ተገናኙ።

እኔ በተመለስኩ ማግስት ጠዋት ቀሚሷን ስትቆልፍ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ልትጠራኝ አፏን ከፈተች፤ ቃል የለም። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር።

ተርፋለች፣ ጋሼ። ይህን መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ። አሁን እየተደገፈች ትሄዳለች። የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታል። ቃሏ ግን ገና አልተመለሰም፤ «እሺ» እና «እንዴ» ትላለች፣ ሲበዛ ስሜን ትጠራለች።

«ለጋሼ ልንገራቸው» ስላት ግራ እጇን አፌ ላይ ጫነችው። ወረቀትዎን ጥለው እንደሚመጡ ታውቃለች። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።

ስለ መስኮቱ ሁለት ገጽ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ስለ እማዬ ነበር የምጽፍልዎ፤ ሌላ መጻፊያ ቃል አጥቼ ነው።

ፈጣሪ ያጽናናዎ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 9

ሚጡ፤

ማን ነው የሰጣት?

ደብዳቤሽን ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው የከፈትኩት። ስሜ ተጠርቶ አልሰማሁም። እህቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። ቃሏን የወሰደባት ሰው ስም ሊኖረው ይገባል። እዚህ ቢሆን ጉዳዩ ችሎት ፊት በቀረበ ነበር። እዚያም ጠበቃ አይጠፋም፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ እኔ እችላለሁ።

ሰልፍ፣ ቀዳዳ፣ ጥናት፣ ይህን ሁሉ ተይው። ሰልፍ አይከሰስም። ስሙን ጻፊልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 28

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቁጣዎ ቁጣዬ ነው፤ እኔም ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ስሙን ስፈልግ ነበር። አግኝቼዋለሁ። ከመንገሬ በፊት ግን ይህን ይስሙኝ።

ኃላፊያችን ማስረጃ ካሉኝ በኋላ ሥራ ጀመርን። በየመስኮቱ ትልቅ ማስታወቂያ ለጠፍን፤ ለሁላችንም ሥልጠና ሰጠሁ፤ «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትሰጡ አልኩ። መልሼ ስለካው ከአስሩ ዘጠኙ ይጠየቃሉ። ጮቤ ረገጥኩ! ኃላፊያችን ግን «መጠየቃቸውን አየሁ፤ መልሱስ እውነት ነው?» አሉኝ። የልብ ክፍሉን ካርድ አስመጥቼ አመሳከርኩ። «ምንም አልወስድም» ካሉን ውስጥ ግማሽ ያህሉ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ናቸው። ያን ሁሉ ለፍተን ሰልፉን አረዘምነው እንጂ አንድ ሰው አላዳንም።

አሁን ስሙን ልንገርዎ። ቀጮ ናት።

ሻርፑ ሲደርሳት አልነካችውም። «ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ የላኩትን አልለብስም፤ ጻፊላቸው» አለችኝ። እማዬን ያስተናገደቻት እሷ ናት፤ የእኔ እናት መሆኗንም አታውቅም ነበር። ጋሼ፣ ጠይቃታለች። ሰልፉ ደጅ ወጥቶ እያለ፣ ማንም ሳያስገድዳት «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላታለች። እማዬ «የለም ልጄ» አለቻት። እማዬም አልዋሸችም፤ ያቺን ኪኒን ለዓመታት ስትውጣት ስለኖረች መድኃኒት መሆኗን ረስታዋለች።

ቀጮ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመጣለች። እጇን ታሻታለች፣ የንግግር ልምምዱን ታሠራታለች። እማዬም ማን እንደሆነች ታውቃለች፤ ቀጮ ራሷ ነግራታለች።

ቢከሷት ትባረራለች። በቦታዋ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ያንኑ ጥያቄ በዚያችው ቀዳዳ ይጠይቃል። የሌላ ሰው እናት «የለም ልጄ» ትላለች። እኔ ይህን ነው ማቆም የምፈልገው፤ ሳላቆመውም አልተውም።

ይቅር ይበሉን።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 3

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ደህና ነዎት? መልስዎ ስለቀረ ሰጋሁ። እሁድ ዕለት እማዬ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ዋለች፤ አልደወሉም። ተቆጥተውን ከሆነም ተቆጥቻለሁ ብለው ይጻፉ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 24

ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጡ፤

ሰላምታዬ ለአንቺም ለእትዬም ይድረስ። ዝምታዬን አትቀየሚኝ። ጽፌ ቀድጄአለሁ፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ ቀድጄአለሁ።

በዚህ መሃል አንድ ጉዳይ ላይ አስተረጎምኩ። አንዲት ባልቴት ናቸው፤ ባላቸው በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት የሌላ ሰው ኪኒን ተሰጥቷቸው ሞተውባቸዋል። የሰጠችው ሠራተኛ ተባርራለች። ሴትዮዋ ተፈረደላቸው። እኔ እንኳ ከእሳቸው በላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ስንወጣ ክንዴን ያዙና «እስኪ ጠበቃውን ጠይቅልኝ፤ አሁን እዚያ የቀሩት ሽማግሌዎች ኪኒናቸው በምን ነው የሚለየው?» አሉኝ። ጠየቅኩላቸው። ጠበቃው ትከሻውን ሰበቀ። «እሱ የእኛ ጉዳይ አልነበረም» አለ። ይህንንም ማስተርጎም ነበረብኝ። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ቀጮን አልከስም። ይቅር ብያታለሁ እንዳልልሽ ግን ገና አልደረስኩበትም፤ መዋሸትም አልፈልግም። ሻርፑን ትልበሰው። የሰጠሁት እትዬ አጠገብ ስለምትቀመጥ ነው፣ መቀመጧ ደግሞ እውነት ነው።

አሁን ሙያዬን ላበድርሽ። ጥያቄያችሁ መጥፎ ነው! ዳኛው አንዱን «ሥራ አለህ?» አሉት። «የለኝም» አለ። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ አትክልት የሚሸጥ ሰው ነው። አልዋሸም፤ «ሥራ» ማለት ለእሱ ቢሮ ነው። «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?» ቢሉት ኖሮ እስከ ሽንኩርቱ ዋጋ ይነግራቸው ነበር። እናንተም «መድኃኒት» አትበሉ። መድኃኒት ሲባል ሰው የሚታየው ዛሬ የታመመበት ነገር ነው። የሠራውን ጠይቁት። «ባለፈው ሳምንት ምን ዋጡ? ምን ተወጉ? ምን አፍልተው ጠጡ? ጠዋት ወይም ማታ የማትቀር ኪኒን አለች?» በሉት። ከዚያ ዝም በሉ። ሰው ካሰበ በኋላ ነው እውነቱ የሚመጣው፤ እናንተ ደግሞ ለማሰቢያ ጊዜ አትሰጡትም።

ይሠራ እንደሆን አላውቅም። ኃላፊሽ እንዳሉት በመስኮታችሁ ሞክሩትና ንገሩኝ።

እትዬን ሳሚልኝ። እሁድ እደውላለሁ፤ ባትናገርም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት።

አጎትሽ


ሚያዝያ 21

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ የተላከ ሰላምታ ይድረስዎ። የዘገየሁት ውጤቱን በእጄ ሳልይዝ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ጥያቄዎን ለኃላፊያችን ሳነብላቸው «ምን ዋጡ? እኛ ሆስፒታል ነን ወይስ ምግብ ቤት?» ብለው ሳቁ። አንድ መስኮት ብቻ ስጡኝ አልኳቸው። ሦስተኛውን ሰጡኝ። ቀጮ «እኔ ልቀመጥበት» አለች።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉ ነገር ተበላሸ። ታማሚዎቹ በቀዳዳዋ ጎንበስ ብለው መልስ እያሰቡ ሰልፉ ቆመ፤ ከኋላ ያሉት መስታወቱን መደብደብ ጀመሩ። ኃላፊያችን ሰዓታቸውን እያዩ ከኋላችን ይመላለሳሉ። አንዱ «ምን ዋጥክ ትለኛለች፤ ንዴቴን ዋጥኩ በያት!» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። በማግስቱ ጥያቄውን ከመስኮቱ አወጣነው። የሐኪም ማዘዣ በምንቀበልበት በር አጠገብ ሁለት ወንበር አስቀምጠን፣ መድኃኒቱ እስኪዘጋጅ ቁጭ ብለው እንዲመልሱ አደረግን። ሰልፉ እንደ ቀድሞው መንቀሳቀስ ጀመረ። ሰው ቁጭ ሲል ያስታውሳል፣ ጋሼ።

እንደገና ከካርዱ ጋር አመሳከርኩ። ቀድሞ ግማሹ ያመልጠን የነበረው አሁን ከአስር አንድ ነው። ኃላፊያችን እኔን አላመኑም፤ ራሳቸው ካርድ መርጠው አመሳከሩ። ያው ሆነ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና «የቀሩትንም ሁለት መስኮቶች ውሰጂ» አሉኝ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መጡ፤ የእማዬን የመሰለ ማዘዣ ይዘዋል። ቀጮ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ጠየቀቻቸው። ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች። «ያቺ የልቤ ነገር አለች እንጂ ሌላ የለም» አሉ። ቀጮ ተነስታ ለሐኪሙ ደወለች። እሱ ሥራ በዝቶበታል። «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ሲላት በስልኩ ይሰማል። «አይደለሁም፤ ይህ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ግን አይቻለሁ። መድኃኒቱን ይቀይሩት፤ እስኪቀይሩት አልሰጥም» አለችው። ቀየረው። ሽማግሌው ምን እንደተረፉ ሳያውቁ መርቀዋት ሄዱ።

በሚቀጥለው ወር የስኳር ሕመምተኞችን ጉዳይ እንጀምራለን። «ኢንሱሊን በትክክል ይወስዳሉ?» ስንላቸው ሁሉም «አዎ» ይሉናል። ለዚህም ጥያቄ ይላኩልኝ፤ ከእርስዎ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ትናንት ደግሞ እማዬ ለልቧ ቫልቭ ሲባል ሐኪም መልሶ ያስጀመራት የደም ማቅጠኛ አለቀባት። ከከዘራዋ ጋር ሰልፍ ገባች፤ አልፋ እንድትስተናገድ ብንለምናትም እምቢ አለች። ወንበሩ ላይ ስትደርስ ቀጮ እንደማታውቃት ሆና «ባለፈው ሳምንት ምን ዋጡ?» አለቻት። እማዬ ገላመጠቻት። «የልብ…» አለች። «ሌላስ?» «አንቺ… ያመጣሽው… ብርቱካን!» ሰልፉ ሳቀ።

«የዚህ ወር የደም ምርመራ ውጤትስ?» አለች ቀጮ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በየወሩ መለካት አለበት።

አልነበረም። ሥራ በዝቶብኝ ሳላሠራላት አልፎኛል። ጠጋ ብዬ «ነገ አሠራታለሁ፤ ለዛሬ ስጫት፣ እኔ አለሁ» አልኳት በሹክሹክታ።

«አንቺም ብትኖሪ አልሰጥም» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ደሜ ፈላ፤ ይህን ሥራ የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ የእማዬ ልጅም እኔ ነኝ። ልናገር ስል እማዬ ከዘራዋን መሬት ላይ መታችና «ምን… ታፈጫለሽ? እንሂድ!» አለችኝ። ስታዝዘኝ ከሰማኋት ስንት ጊዜ ሆነኝ! ወደ ምርመራ ክፍል ሄድን። ውጤቱ ከልክ አልፎ ወጣ፤ ደሟ ቀጥኖ ነበር። ሐኪሙ ለጊዜው አስቁሞ መጠኑን ቀነሰላት።

ወረቀቱን ይዘን ተመለስን። ቀጮ አነበበችው፣ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ኪኒኑን ለእማዬ ሰጠቻትና አወሳሰዱን ነገረቻት፤ ከዚያ ለሁሉም እንደምትለው «እስኪ ምን አልኩዎት?» አለቻት።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። አንዱን ቃል ፈልጋ አገኘች፣ ሌላውን ፈለገች። «ዛሬ… የለም። ነገም… የለም። ከነገ ወዲያ… ግማሽ። ማታ።» ከኋላዋ ካሉት ማንም አልገፋም። እስክትጨርስ ሰልፉ ጠበቀ።

በሄዱበት ሁሉ ቃልዎ ይሰማ።

የእህትዎ ልጅ